የምግብ ቤት ትዝታ፦ ከአራዳ እስከ ፎንቆ

በአማርኛ ሆድ የመብል ማደሪያ ብቻ አይደለም። ናፍቆት የያዘው ሰው ሆዱ ይባባል፤ የተበደለ ሆዱ ይሻክራል፤ የሚያምነው ወዳጅ ያገኘ ምሥጢሩን ከሆዱ አውጥቶ ያጫውታል። «ሆድ ከአገር ይሰፋል» የሚለው ብሂልም ስለ ምግብ ብዛት የተነገረ አይደለም፤ ሰው በውስጡ ይዞት ስለሚኖረው ነገር ስፋት የተነገረ ነው። ከዚህም የተነሣ መብልና ትዝታ በቋንቋው ውስጥ ጥንቱን የተዛመዱ ናቸው ማለት ይቻላል። ይህንኑ ዝምድና መሠረት ያደረገ አንድ የጽሑፍ ዓይነት በአማርኛ እየተበራከተ መጥቷል፤ እርሱም የድሮ ምግብ ቤቶች ትዝታ ነው። በጋዜጣ ዓምድ፣ በሬዲዮ ወግ፣ በግለ ታሪክ መጻሕፍትና በልብ ወለድ ድርሰቶች ውስጥ ጠጅ ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱና ኬክ ቤቱ በየስማቸው እየተጠሩ ይወደሳሉ፤ መጥፋታቸውም ይለቀሳል።

ይህ የጽሑፍ ዓይነት በ2016 ዓ.ም. ተጨማሪ ምክንያት አግኝቷል። በዚያ ዓመት ዶሮ ማነቂያንና ሌሎች የፒያሳ አካባቢ ሰፈሮችን ያካተተው መልሶ ማልማት ሲካሄድ፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የከተማው ሰው የበላባቸውና የጠጣባቸው ቤቶች ከመሬት ላይ ጠፍተዋል። ቤቱ ሲፈርስ የሚቀረው ትዝታው ብቻ ነው፤ ትዝታውንም የሚያቆየው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ቀደም ሲል የመዝናኛ ወግ ብቻ ሆኖ ይታይ የነበረው ጽሑፍ አሁን ከምስክር ቃል የሚቆጠር ሆኗል። ምስክር ደግሞ ይመረመራል። ምን አየ? ከየት ሆኖ አየ? ያላየውስ ምንድን ነው? የሂስ ተግባር እነዚህን ጥያቄዎች ማቅረብ ነው።

በቅድሚያ የዚህን የጽሑፍ ዓይነት በጎ ጎን መመልከት ተገቢ ነው። ታላላቅ የታሪክ መጻሕፍት የነገሥታቱን የግዛት ዘመን፣ ጦርነቱንና ስምምነቱን ሲመዘግቡ፣ ተራው የከተማ ነዋሪ ጠዋት ምን ቀምሶ ወደ ሥራው እንደሄደ አይናገሩም። የምግብ ቤት ትዝታ ግን ይህን ይነግራል። ጮርናቄው በየትኛው ጥግ ይጠበስ እንደነበር፣ የጠጁ ብርሌ አንገቱ እንዴት እንደሚያዝ፣ ቅቅሉ የሚወጣበት ሰዓት፣ በጾም ወራት የሥጋ ቤቱ መዝጊያ ሲዘጋ ሽሮ ቤቱ እንዴት ይሞላ እንደነበር የሚገኘው በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ነው። የቆሎ ሻጯ ስፍር፣ የሱቅ በደረቴው ጩኸት፣ የሸንኮራ አገዳው ልጣጭ በመንገዱ ዳር ተከምሮ፣ በክረምት የበቆሎ ጥብስ ጭስ፤ ይህ ሁሉ የኅብረተሰብ ታሪክ ጥሬ ሀብት ነው። ከተማን በሽታውና በጣዕሙ የሚያስታውስ ጸሐፊ ከካርታ ሠሪው ያላነሰ ሥራ ይሠራል።

በምግብ ቤት ገብቶ፣ ከማያውቁት ሰው ጎን ተቀምጦ፣ ከፍሎ መብላት ራሱ በኢትዮጵያ ከተሞች የቅርብ ጊዜ ልማድ መሆኑም አይዘነጋም። ቀድሞ መንገደኛ የሚያድረው «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ በመጥራት ነበር። ታላቅ ሰው ሲበላ አይታይም፤ ነጠላ ይጋረድለታል፤ በቤተ መንግሥቱ ግብር እንኳ ንጉሠ ነገሥቱ የሚመገቡት በመጋረጃ ውስጥ ነበር። የሰው ዐይን በምግብ ላይ እንዲያርፍ አይፈለግም። ግብሩ ራሱ ገበያ አልነበረም፤ የማዕረግ ሠንጠረዥ ነበር። ማን ከማን በፊት እንደሚገባ፣ ለማን የትኛው ብልት እንደሚቀርብ፣ ማን ተቀምጦ ማን ቆሞ እንደሚበላ በሥርዓት የተወሰነ ነበር። የቤተ መንግሥቱን አስተዳደር ከዘረዘሩት መጻሕፍት አንዱ የሆነው የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» የዚህን ዘመን አሠራር ለሚሻ ሁሉ ዛሬም ዋቢ ነው።

እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ያቋቋሙት እንደሆነ የሚነገርለት ሆቴል የተለየ ሥርዓት ይዞ መጣ። ሰው ለምግብ ገንዘብ መክፈልን እንደ ነውር ቆጥሮት በመጀመሪያ ደንበኛ እንደጠፋና ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው በመግባት እንዳለማመዱ ተደጋግሞ ይተረካል። ትረካው በዝርዝሩ ምን ያህል የተጋነነ ቢሆን፣ የያዘው ቁም ነገር እውነት ነው፤ ማዕድ ከማዕረግ ወደ ገንዘብ የተሻገረበትን ወቅት ያሳያል። ሆቴሉ በጥር ወር 2007 ዓ.ም. በእሳት አደጋ ክፉኛ በተጎዳ ጊዜ የታየው የሕዝብ ሐዘንም ሰው ያዘነው ለእንጨቱና ለጣውላው ብቻ እንዳልነበረ ይመሰክራል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የኢጣልያ ወረራ ደግሞ ፓስታውን፣ የቡና ማሽኑንና ማኪያቶውን ጥሎ ሄደ። ወራሪው ተባርሮ ምግቡ ቀረ። በኋላም በ1940ዎቹ እንደ ቶሞካ ያሉ ቡና ቤቶች ተከፈቱ። የአርመኑ፣ የግሪኩ፣ የየመኑ፣ የጉራጌው፣ የዶርዜው፣ የኦሮሞው እጅ በአንድ መንገድ ላይ ተገናኘ። አራዳ የተባለው ጠባይ የበቀለው በዚህ መገናኛ ላይ ነው።

እንግዲህ የትዝታ ጸሐፊዎቹ የወረሱት ሀብት ይህ ነው። ይሁንና አብዛኞቹ ጽሑፎች ሲነበቡ አንድ ዓይነት ቅርፅ ይዘው ይገኛሉ። በሽታ ይጀምራሉ፤ ከዚያም የቤቶች ስም ይዘረዘራል፤ ቀጥሎ አንድ ቀልደኛ ጠጪ ወይም አንድ ቁጡ ባለቤት ይመጣል፤ ዋጋው ይጠቀሳል፤ በመጨረሻም «ያ ጊዜ ላይመለስ ሄደ» በሚል ምሬት ይደመደማል። ቅርፁ ስለተደጋገመ ብቻ አይነቀፍም፤ ትዝታ የተባለው የዜማ ቅኝትም በተወሰኑ ድምፆች ላይ ተመላልሶ የሚኖር ነው። የሚነቀፈው ቅርፁ ሦስት ነገሮችን ሁልጊዜ ውጭ የሚያስቀር በመሆኑ ነው፤ እነርሱም ጓዳው፣ ደጁና ኪሱ ናቸው።

ጓዳው ሲባል የሠሪዋ ስፍራ ማለት ነው። በትዝታው ውስጥ ወጡ ይሸታል፣ ወጥ ሠሪዋ ግን አትታይም። የጠጅ ቤቱ እመቤት «እትዬ» ተብላ በስሟ ትጠራለች፤ ጌሾውን የወቀጠችው፣ ጋኑን ያጠነችው፣ ውሃውን በጀርባዋ ያመላለሰችው ልጅ ግን «አንዲት ልጅ» ከመባል አታልፍም። የተመጋቢው ወንበር የተተረከውን ያህል የማድ ቤቱ ጭስ አልተተረከም። ትዝታውን የሚጽፈው ተቀምጦ የበላው ሰው ስለሆነ ይህ አያስደንቅም። ነገር ግን በላተኛው ያየው የቤቱን ግማሽ ብቻ መሆኑን ጸሐፊው ሊያውቅ ይገባዋል።

ኪሱም እንዲሁ ነው። ምሳ በስሙኒ ይበላ እንደነበር በናፍቆት ይነገራል። በዚያው ዘመን ሙያ የሌለው የቀን ሠራተኛ የቀን ገቢው ከአንድ ብር እምብዛም የማያልፍ እንደነበር ግን አብሮ አይነገርም። ዋጋ ያለ ደመወዝ ትርጉም የለውም። ርካሹ ምሳ ለጸሐፊው ርካሽ ነበር፤ ድንጋይ ሲያመላልስ ለዋለው ሰው ግን የቀኑ ሩብ ነው። ብዙው ሰው በምግብ ቤቱ ደጅ አልፎ ንፍሮና ቅቅል ድንች ከጉልት ገዝቶ በእጁ እየበላ የሄደውም ስለዚህ ነው። የመንገድ ዳር ምግብ በትዝታ ውስጥ የልጅነት ጨዋታ መስሎ ቢቀርብም፣ ለብዙኃኑ ዋናው ማዕድ እርሱ ነበር።

ሦስተኛው፣ ማለትም ደጁ፣ ከሁሉም ይከብዳል። ይህን በሚገባ ለማየት ከአራዳ ወጥቶ ራቅ ካለ ስፍራ መመልከት ያሻል። ለዚህም ፎንቆ ጥሩ ምሳሌ ናት።

ፎንቆ በሐዲያ ዞን የአናሌሞ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ቅርቧ ያለችው ትልቅ ከተማ ሆሳዕና ናት፤ ቀድሞ ዋቸሞ በመባል ትታወቅ የነበረችው፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ የሆነችው። ፎንቆ በማናቸውም የድሮ ምግብ ቤቶች ትዝታ ውስጥ ስሟ አይገኝም። ዝነኛ ሆቴል አልነበራትም፤ ደራሲና ሠዓሊ የተሰበሰበበት ጠጅ ቤት አልተነገረላትም። የነበራትና ያላት ገበያ ነው። እንደ ማናቸውም የሐዲያ ገበያ ሁሉ ሴቶች በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ ቡላ፣ ቅቤና አይብ ይዘው ይቀመጣሉ፤ በአጠገቡ ስንዴው፣ ድንቹና በርበሬው ይዘረጋል፤ በጥጉ ሻይና ትኩስ ጮርናቄ የሚሸጥባት ጎጆ ትጨሳለች። ገበያተኛው ከመንገድ ደክሞ ገብቶ የሚቀምሳት እርሷን ነው። ይህም ምግብ ቤት ነው። ትዝታም አለው። ያልተጻፈለት ግን ነው።

ለምን አልተጻፈለትም? አንዱ ምክንያት ምግቡ ራሱ በከተማው ዐይን የሚታይበት ሁኔታ ነው። እንሰት ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ የኢትዮጵያ ሕዝብ ዋና ወይም ደጋፊ ምግብ መሆኑ በጥናቶች ዘወትር ይጠቀሳል። ሆኖም በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል እንሰት የሚታወቀው በአብዛኛው በቅጠሉ ነው፤ ኮባው ዳቦ ይጋገርበታል፣ ዳቦው ይበላል፣ ቅጠሉ ይጣላል። ወደ አዲስ አበባ ማዕድ የገባውም በጉራጌ ነጋዴዎችና ምግብ ቤቶች አማካይነት በክትፎ ጎን ነው። በከተማው ትዝታ ውስጥ ክትፎው ይወደሳል፣ ቆጮው ማባያው ነው። በሐዲያና በከምባታ ቤት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ በየቀኑ ያለው ቆጮው ነው፣ ሥጋው የበዓል ነው። አንድን ሕዝብ በዋና ምግቡ ሳይሆን በማባያው ማወቅ ሙሉ ዕውቀት ሊባል አይችልም።

የምግቡን አሠራር የሚያውቅ ሰው ይህን ቸልታ በቀላሉ አይቀበለውም። እንሰት ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ሲደርስ የግንዱ ንጣፎች እየተላጡ በተጋደመ ጣውላ ላይ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፋቃሉ፤ ሥሩ ጥርስ ባለው እንጨት ይደቀደቃል። ሁለቱ ተደባልቀው በኮባ በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራሉ፤ እንዲበስልም ከሳምንታት እስከ ወራት ይቆያል። ሲፋቅ የሚወጣው ፈሳሽ ረግቶ ቡላ ይሆናል፤ ክሩ ቃጫ ሆኖ ገመድ ይሠራበታል፤ ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ ይባላል። የተብላላው ተጨምቆ፣ ክሩ በቢላ ተከትክቶ፣ ተነፍቶ፣ በኮባ ተጠቅልሎ በምጣድ ይጋገራል። ይህ ሥራ የሴቶች ነው፤ በልማዱ ወንድ ወደ መፋቂያው ስፍራ አይጠጋም። ከዓመታት አስቀድሞ የሚታቀድ፣ የአየሩን ጠባይ፣ የጉድጓዱን ሙቀትና የእርሾውን ደረጃ በእጅና በአፍንጫ የሚለይ ሙያ ነው። በኬክ ቤት የፈረንጅ ጋጋሪ ጥበብ ላይ ገጾች የጻፈ እጅ በዚህ ላይ አንድ አንቀጽ አለመጻፉ የአጋጣሚ ነገር ሊሆን አይችልም።

በመስከረም የሚከበረው የሐዲያ ያሆዴ በዓል የዚህ ሙያ ከፍተኛው መገለጫ ነው። በበዓሉ የሚቀርበው አተካና ከተጣራ ቡላ፣ ከወተት ተዋጽዖና ከብዙ ቅቤ የሚሠራ ምግብ ነው፤ ከበዓሉ ምሽቶች አንዱም በዚሁ ምግብ ስም ይጠራል። ለዚህ ምሽት እናቶች ቅቤውን በማኅበር ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ፤ አባቶችም ለበሬው መግዣ ገንዘብ ይቆጥባሉ። እንግዲህ አተካና የሚታወሰው እንደ ጣፋጭ ምግብ ብቻ አይደለም። የዓመት ቁጠባ፣ የጎረቤት መተማመንና የተራርቀው ቤተሰብ መሰብሰቢያ ሆኖ ነው። በከምባታም የመሳላ በዓል ተመሳሳይ ስፍራ አለው። በእነዚህ ከተሞች የምግብ ትዝታ ሲጻፍ የሚጀምረው ከምግብ ቤት በር ሳይሆን ከዚህ የማኅበር ቅቤ ቢሆን እውነተኛ ቅርፁን ያገኛል።

ሌላው ምክንያት ናፋቂው ማን እንደሆነ የተያዘው ግምት ነው። የከተማው ትዝታ ጸሐፊ በአንድ ሰፈር ተወልዶ ሰፈሩ የተለወጠበት ሰው ነው። የሐዲያና የከምባታ ናፋቂ ግን ብዙውን ጊዜ ራሱ የሄደ ሰው ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከእነዚህ አካባቢዎች ብዙ ወጣት አገዳ ለመቁረጥ ወርዷል። በቆላው ሙቀት፣ በሠራተኛ መንደር፣ ከማያውቀው ሰው ጋር የበላው ምሳ የእርሱ «የድሮ ምግብ ቤት» ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሆሳዕናና የአካባቢዋ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሰደዳቸው በሰፊው ይታወቃል። በጆሐንስበርግ ጄፒ እየተባለ በሚጠራው መንገድ በፎቆች ውስጥ የተከፈቱት የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ከሱቁ የሚውለው ስደተኛ እንጀራ የሚቆርስባቸው፣ የአገር ወሬ የሚሰማባቸውና መርዶ የሚቀበልባቸው ናቸው። ከፎንቆ የሄደው ልጅ እዚያ ተቀምጦ የሚበላው የአዲስ አበባን ምግብ ነው፤ የእናቱን ቆጮ አይደለም። የናፍቆቱ ጥልቀት ያለው በዚህ ድርብ ርቀት ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚጻፍ ድርሰት ከብዙ የፒያሳ ዝርዝሮች የበለጠ ነገር ሊናገር በቻለ ነበር።

አሁን ወደ ደጁ መመለስ ይቻላል። የትዝታ ጽሑፍ በጋራ ማዕድ ይኮራል፤ «ሁሉም አንድ ላይ ይበላ ነበር» ይላል። በሐዲያ፣ በከምባታና በጉራጌ አካባቢዎች ግን በሸክላና በመሰል የእጅ ሙያ የሚተዳደሩ፣ ሌላው ፉጋ በሚል የንቀት ስም ይጠራቸው የነበሩ ቤተሰቦች ለብዙ ዘመን ከዚህ ማዕድ ውጭ ነበሩ። ከሌላው ጋር አይበሉም፣ በአንድ ዋንጫ አይጠጡም፣ ጋብቻም አይቀበላቸውም ነበር። ይህን የጥናት ጽሑፎች በሰፊው መዝግበውታል። ወጡ የተሠራበትን ድስት፣ ቡናው የፈላበትን ጀበና፣ ቆጮው የተጋገረበትን ምጣድ የሠራችው እጅ የእነርሱ ነበረች። ዕቃዋ ከማዕዱ መካከል ይቀመጣል፣ እርሷ ከደጅ ትቆማለች። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅና ከዚያ ወዲህ የወጡት ሕጎች በሕግ ፊት እኩል ቢያደርጓቸውም፣ በማዕድ ፊት ያለው እኩልነት በአዋጅ ብቻ የሚመጣ አልሆነም። «ሁሉም» የሚለውን ቃል የሚጽፍ ባለ ትዝታ እነማንን ቆጥሮ «ሁሉም» እንዳለ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ጽሑፍ ብቻ አይደለም። በሕንድ ታላላቅ ከተሞች የድሮ ምግብ ቤት ትዝታ እጅግ የዳበረ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ነው። በቦምቤይ ከኢራን በመጡ የዞራስተር እምነት ተከታዮች የተከፈቱት «የኢራኒ» ሻይ ቤቶች በአንድ ወቅት በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር፤ ዛሬ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። ገጣሚው ኒሲም ኢዝኪኤል ከእነዚሁ ቤቶች በአንዱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ከነበረው የክልከላ ማስታወቂያ ተነሥቶ ግጥም ሠርቷል። የግጥሙ ጥንካሬ ስለ ሻዩ ጣዕም ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ምን ይከለከል እንደነበር በመናገሩ ነው፤ ከክልከላው ዝርዝር የደንበኛው ጠባይ፣ የባለቤቱ ሥጋትና የዘመኑ ድህነት ይታያል። በካልካታ ደግሞ በኮሌጅ መንገድ ያለው ዕውቅ ቡና ቤት እንዲዘጋ በታሰበ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ሠራተኞቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ቤቱን ሊያስተዳድሩት በቅተዋል። ማና ዴይ እ.ኤ.አ. በ1983 የዘፈነው ስለዚሁ ቡና ቤት የሚናገር ዘፈን በቤንጋል ሕዝብ ዘንድ እጅግ የተወደደ ነው። ዘፈኑ የሚያስታውሰው ግን በቤቱ ይሰበሰቡ የነበሩትን፣ በኋላም የተበታተኑትን ጓደኞች ነው። ቤቱን ያዳኑት አስተናጋጆች የዘፈኑ ጀግኖች አይደሉም። ውብ ትዝታ እንኳ የሚያየው ከወንበሩ ሆኖ እንደሆነ ከዚህ መማር ይቻላል።

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ አመለካከት አልተሞከረም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ማዕዱን ከበሬው ባለቤት በኩል አሳይቷል። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጭ የጫኑትን ግብር ባላገሮቹ አንከፍልም ሲሉ የሚነሣው ግጭት፣ የጌታው ድግስ ከማን በረት እንደሚወጣ አንባቢውን ያስገነዝባል። ደራሲው ድግስን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ነገር ግን ድግሱን አላቆላመጠም። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ለረጅም ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሳይታተም የቆየ ልብ ወለድ ነው፤ የውቤ በረሃን የሌሊት ቤቶች ሲተርክ በእነዚያ ቤቶች የሚሠሩትን ሴቶች እንደ ጌጥ አላስቀመጣቸውም፤ የራሳቸው አንደበት፣ ቀልድና ድካም አላቸው። በእርግጥ ተራኪው ሄዶ ጠዋት የሚወጣ ወንድ ነው፤ ይህም ወሰኑ ነው። ሆኖም ከእርሱ በኋላ ስለዚያው ሰፈር የተጻፉ ብዙ የትዝታ ወጎች ከርሱ የወረሱት ሌሊቱን እንጂ ሴቶቹን አይደለም። አዳም ረታ ደግሞ ከእንጀራ ተነሥቶ የአጻጻፍ ሥልት እስከ መቀመር ደርሷል፤ ሕጽናዊነት ብሎ የጠራው አሠራር ምግብ ለድርሰት ይዘት ብቻ ሳይሆን ቅርፅም ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። እንጀራ ይህን ካስገኘ፣ ለዓመታት አድጎ፣ ተቀብሮ፣ ተብላልቶ የሚወጣው እንሰት ለአንድ የፎንቆ ደራሲ ምን ዓይነት የትረካ ቅርፅ ሊሰጠው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በዚህ ሂስ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ ይኖራል። ትዝታ ታሪክ አይደለም፤ የድሮ ጮርናቄውን ያስታወሰ ሰው ስለ ደመወዝና ስለ ማኅበራዊ መድልዎ እንዲጽፍ ማስገደድ ደስታውን መንፈግ ነው የሚል። መቃወሚያው በከፊል ትክክል ነው። በየወጉ መጨረሻ ላይ ስለ ድሆች አንድ አንቀጽ መለጠፍ ድርሰትን አያበለጽግም፤ እንዲያውም ያከስመዋል። የሚጠየቀው ግን ተጨማሪ ስብከት አይደለም። የሚጠየቀው ዐይን ነው። የጮርናቄውን ጣዕም የሚያስታውስ ሰው የጠበሰችውን እጅ፣ ዘይቱ የተፈናጠረበትን ጠባሳ፣ የምጣዷን ዕቃ የሠራችውን ጎረቤት ቢያስታውስ ደስታው አይቀንስም፤ ጽሑፉ ግን ይሞላል። ጥሩ ትዝታ ከመጥፎው የሚለየው በናፍቆቱ ብርታት ሳይሆን በዝርዝሩ እውነትነት ነው።

ጊዜውም የሚያስታግስ አይደለም። የአራዳ ቤቶች በአንድ ወቅት ፈርሰዋል። የፎንቆው ማዕድ ደግሞ ሳይታወቅ በዝግታ ሊሳሳ ይችላል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ዛሬም ፈውስ አልተገኘለትም፤ መከላከያው የታመመውን ተክል ነቅሎ ማስወገድና ቢላውን ማጽዳት ነው። የእንሰቱ ጓሮ በሌላ ስፍራ ለጫትና ለባሕር ዛፍ ቦታ እየለቀቀ ነው። ልጆች ይሰደዳሉ፤ የተማረችው ልጅ ከመፋቂያው ጣውላ መራቋ ለራሷ መልካም ነው፣ ማንም እንድትመለስ ሊፈርድባት አይገባም። ነገር ግን እናትየዋ የምታውቀው ነገር ሳይጻፍ ከቀረ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስለ ፎንቆ የሚጽፍ ባለ ትዝታ የሚያገኘው የቆጮን ስም ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ የምግብ ቤት ትዝታን የሚጽፉ ደራስያን፣ ጽሑፎቹን የሚያስተምሩ መምህራንና የባህል ሥራ የሚመሩ ሰዎች አንድ የጋራ ተግባር ይጠብቃቸዋል። ትዝታውን ከተመጋቢው ብቻ መቀበላቸውን ትተው ከወጥ ሠሪዋ፣ ከጉልት ሻጯ፣ ከሸክላ ሠሪዋና ከአስተናጋጁ አፍ ሊሰበስቡት ይገባል። ሥራው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሆሳዕናና የፎንቆ ተማሪዎች ከየቤታቸው አያቶቻቸውን ጠይቀው ሊጀምሩት ይችላሉ። ቃሉ በሐዲይኛ ወይም በከምባትኛ ከተነገረ በዚያው ቋንቋ ይያዝ፣ ከዚያ በኋላ ወደ አማርኛ ይመለስ፤ የሙያው ስሞች በትርጉም ሲያልፉ እንዳይጠፉም ጥንቃቄ ይደረግ። በየጽሑፉም ሦስቱ ጥያቄዎች ይጠየቁ። ማን ሠራው? ማን ከደጅ ቀረ? ስንት የቀን ድካም ወጣበት? እነዚህን የመለሰ ትዝታ ፒያሳንም ሆነ ፎንቆን በሚገባ ይመሰክራል። ያልመለሰው ግን ያማረ ሽታ እንጂ የበላ ሰው ምስክርነት አይሆንም።